ሁለቱ አምፕሊፋየሮችና የእኔ ግለ ሂስ

የጊታሪስታችን የታችኛው ከንፈር ዛሬም ትዝ ሲለኝ ያቅለሸልሸኛል። የትምባሆ ሱረት ይሸጉጥበታል። ሲናገር ቡናማ ምራቁ በአገጩ ይወርዳል፤ በእጁ ጀርባ ይጠርገውና በዚያው እጁ የአምፕሊፋየሩን ቁልፎች ይነካካል። ቁልፎቹ ላይ የደረቀውን ቆሻሻ በጨርቅ የምፍቀው እኔ ነበርኩ። የኪነት ቡድኑ ዘፋኝ ብባልም ሴት ነኝና ጨርቁም የእኔ ድርሻ ነበር።

እዚህ የማነሣቸውን ሰዎች ስም አልጽፍም። ልጆቻቸው ካነበቡት ያውቋቸዋል።

ነገሩ በደርግ ጊዜ መተማ ዮሐንስ ውስጥ የሆነ ነው። ከደንቢያ ሰሊጥ ለማረምና ለማጨድ የወረድኩ ሳሉግ ነበርኩ፤ ያገሩ ሰው የቀን ሠራተኛውን የሚጠራው እንዲህ ብሎ ነው። ማሳ ውስጥ ሳዜም የቀበሌው ሊቀመንበር ሰምቶኝ ኪነት አስገባኝ። ወርሃዊ አበልና ከሌላ ሴት ጋር የምጋራው ጣሪያው የማያፈስ ክፍል አገኘሁ። ከዚያ ብባረር የሚጠብቀኝ ማጭዱና ፀሐዩ እንደሆነ ቡድኑ ሁሉ ያውቅ ነበር።

አምፕሊፋየራችን ከሱዳን የመጣ ባለ አምፖል ነበር። ጀርባው ላይ ጣት የሚያካክሉ ብርጭቆዎች አሉት፤ እነሱ ግለው ካልቀሉ ድምፅ አይሰጥም። ሳይሠራ ሲውል በረሮ ይገባበታል፤ ሲግል በረሮዎቹ ውስጡ ይጠበሳሉ፤ ሽታው እስከ ጉሮሮዬ ድረስ ይገባል። ድምፁ ግን ደግ ነበር። እስከ መጨረሻው ካልከፈቱት በቀር አያጓራም። ጊታሩ ጥርት ብሎ ከሥሬ ይሄዳል፤ እኔ ከላይ እሆናለሁ።

አንድ ቀን ከድንበሩ ማዶ ከገላባት የሚመላለስ ነጋዴ ሌላ ይዞ መጣ። ያው ፋብሪካ፣ ያው ጥቁር ልባስ፣ ያው ወርቃማ ግንባር። ልዩነቱ አንድ ተጨማሪ ቁልፍ ብቻ ነው። ያ ቁልፍ ሲዞር ጊታሩን በቀስታ ቢነኩትም ያጓራል። ነጋዴው አሮጌውን ወስዶ አዲሱን ሊሰጠን ፈለገ።

ጀላቢያውን ሰብስቦ፣ "ያ የናንተው በሬ ነው። ይኼ ደግሞ አንበሳ" አለ።

"በሬስ ያርሳል፤ አንበሳ ምን ይሠራልናል?" አልኩት።

ነጋዴው ሳቀ። ጊታሪስቱ አልሳቀም።

ሁለቱን ያወዳደርናቸው የኅብረት ሥራ ማኅበሩ የሰሊጥ መጋዘን ውስጥ ነበር፤ ጀኔሬተሩ ያለው እዚያ ነውና። ወሩ ኅዳር ነው። ሰሊጥ የሞላው ጆንያ እስከ ጣሪያው ተደርድሯል፤ መሐል ላይ አንዲት ክፍል የምታህል ቦታ ብቻ ቀርታለች። ሊቀመንበሩ ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ጊታሪስቱ አንዱን ዜማ በአሮጌው መታው፤ ቀጥሎ በአዲሱ። በሁለቱም ዘፈንኩ።

እውነቱን ልናገርና አዲሱ አማረ። ማጓራቱ ለስልሶ እንደ ማር ይወርዳል፤ አሮጌው አጠገቡ የታመመ መሰለ። የራሴ ድምፅ ግን ከአፌ ወጥቶ ሁለት ክንድ ሳይሄድ ይጠፋብኛል። ባጨበጭብም እንደዚያው። በዚያ መጋዘን ጆንያ ስደረድር ከርሜያለሁ፤ ከድርድሩ ማዶ ያለ ሰው ቢጣራ እንደማይሰማ አውቃለሁ።

"ጓድ ሊቀመንበር፣ ጆንያው ድምፁን እየበላው ነው" አልኩ። "ውጭ አውጥተን እንስማቸው። ካልሆነም ሰሊጡ ተጭኖ እስኪሄድ እንጠብቅ።"

"ጆንያ ድምፅ ይበላል? አይጥ ነው እንዴ?" አለ ጊታሪስቱ። ሁሉም ሳቁ። ይኼኔ ልብ አገኘና፣ "አንቺ ሳሉግ፣ ድርድሩን ነው የምታውቂው፤ ድምፁን ለኛ ተዪው" ብሎ ጨመረበት።

ሊቀመንበሩ፣ "ነጋዴው ዛሬ ይሻገራል፤ ጨርሱ" አለ። አሮጌው አምፕሊፋየር አህያ ላይ ተጭኖ ወደ ገላባት ሄደ።

የላብ አደሮች ቀን ሲደርስ ሰሊጡ ወደ ጎንደር ተጭኖ አልቆ ነበር። ሚያዝያ ስለነበር ሙቀቱ አያስቆምም፤ በዓሉ ጥላ ፍለጋ እዚያው መጋዘን ውስጥ ተደረገ። ባዶ ቆርቆሮና ባዶ ሲሚንቶ። ጊታሪስቱ ቁልፉን ሲያዞረው ጣሪያው ራሱ የሚያጓራ መሰለ። ድምፁ ከግድግዳ ግድግዳ እየተላተመ ጆሮ ይሰነጥቃል። ሕፃናት አለቀሱ። ከአውራጃ የመጡት እንግዳ ጆሯቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ቀንስ እያልኩ በእጄ ምልክት ሰጠሁት። አየኝ፤ ምራቁን ጠረገና ጨመረው። የምዘፍነውን እኔ ራሴ አልሰማሁትም፤ ጉሮሮዬ ደም ደም እስኪለኝ ጮህኩ። ዘፈኑ ሲያልቅ ከኋላ አንዱ፣ "ዘፋኟ ዲዳ ናት እንዴ?" ሲል ግን ሰማሁት።

በሦስተኛው ቀን የሂስና ግለ ሂስ ስብሰባ ተጠራ። ያኔ ሰው ጥፋቱን ቆሞ በገዛ አፉ ይናገራል፤ ቃለ ጉባኤም ይያዝበታል። ከስብሰባው በፊት ሊቀመንበሩ ለብቻዬ ጠራኝ።

"ዕቃውን ያስለወጥኩት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የዕቃው ነው ከተባለ በእኔ ይመጣል። ድምፄ ደክሞ ነው በይ። ትወቀሺና እንዳለሽ ትቀጥያለሽ።"

ማጭዱን አሰብኩ። ተነሥቼ፣ "ልምምድ ቸል ብዬ ድምፄ ደክሟል" አልኩ። ጸሐፊው ጻፈ። ፈረምኩ።

ጊታሪስቱ እጁን አወጣ። "ድምፄ ደክሟል ያለች ዘፋኝ ምን ታደርግልናለች?" አለ። ወደ ሊቀመንበሩ ዞርኩ፤ እሱ ጣሪያ ጣሪያውን ያያል። በገዛ ፊርማዬ ተባረርኩ። ሊቀመንበሩ አሁን ሞቷል። ሞተ ብዬ ግን አልምረውም።

በቦታዬ የጊታሪስቱ የሚስት እኅት ገባች። በመስከረሙ በዓል ከሕዝቡ ኋላ ቆሜ አየሁ። ያው ባዶ መጋዘን፣ ያው አምፕሊፋየር። ልጅቷ አፏን ከመክፈቷ በፊት ጊታሪስቱ ጎንበስ አለና ያንን ቁልፍ ወደ ኋላ መለሰው። ጥርት ብላ ተሰማች። ሱረቱን እኔ የሸጎጥኩት ይመስል አፌ መረረኝ፤ ወጥቼ ተፋሁ። በዚያው ሰሞን ለአጨዳ አብደራፊ ወረድኩ።

ባለፈው ዓመት ጊታሪስቱን ሸሕዲ መናኸሪያ ውስጥ አገኘሁት። ሸምግሏል፤ ከንፈሩ ያው ነው።

"እታለም! ያ አዲሱ አምፕሊፋየር እንዴት ያለ ጉድ ነበር!" እያለ ሳቀ። "ያንን ቁልፍ እኮ ያን ቀን ከግማሽ ማሳለፍ አልነበረብኝም።"

"ታዲያ ያኔ ለምን አልተናገርክም?"

"እኔ ምን ልናገር? ድምፄ ደከመ ያልሽው አንቺው በአፍሽ!"

አፉን በእጁ ጀርባ ጠርጎ እጁን ለሰላምታ ዘረጋልኝ። አልጨበጥኩትም። አውቶቡሴ ሳይሞላ ገብቼ ተቀመጥኩ።

ያንን ቃለ ጉባኤ ምስጥ ሳይበላው አይቀርም። ቢበላውም የፈረምኩበትን እዚህ እሰርዘዋለሁ። ድምፄ አልደከመም ነበር። ልምምድም አንድ ቀን አልቀረሁም። ሊቀመንበሩ ውሸት አስፈረመኝ፤ ጊታሪስቱ በውሸቱ አስባረረኝ። ያን ቀን ተነሥታ የዋሸችው ግን እኔ ነኝ፤ ከከንፈሩም ከበረሮውም ይልቅ የሚያቅለሸልሸኝ ይኼ ነው።