ጽጌን የገደላት ወባ አይደለም

የብርጓል አዋላጅ ነርስ ናት። ባሕር ዳር ጫፍ ላይ፣ ተፈናቃዮች በሰፈሩበት ትምህርት ቤት ግቢ፣ ሸራ ድንኳን ውስጥ ታክማለች። ምላሷ ስለት ነው። እናቶቹ «ሲስተር ትቆጣለች እንጂ ሰው አትጥልም» ይላሉ።

ጽጌ ዐሥራ ስድስት ዓመቷ ነበር። ከደልጊ ወዲያ ካለ ቀበሌ ስትሸሽ መሣሪያ የያዙ ሰዎች መንገድ ላይ ደፈሯት። ማርገዟን ስታውቅ ለየብርጓል ነገረቻት። መንገድ ተዘግቶ ስለከረመ ጽንስ ማቋረጫው መድኃኒት ድንኳኑ ውስጥ አልቋል፤ ሆስፒታሉ ግን በባጃጅ ቅርብ ነው። «ውሰጅኝ» አለች ልጅቷ። አሳዳጊ አጎቷ ጋሼ አዘዘ ግን በሩ ላይ ቆሙ።

«ገመና ነው ሲስተር። ሽማግሌዎች ይምከሩበት።»

«በማን ሆድ ነው የሚመክሩት? ሥራ ለሠሪው፣ እሾህ ላጣሪው ነው፤ ለእኛ ይተዉት!»

አልተዉትም። ነገ፣ ከነገ ወዲያ ሲባል ሳምንታት አለፉ። ጽጌ ተስፋ ቆርጣ፣ ማን እንደሰጣት ያልታወቀ ሥር በጥብጣ ጠጣች። ደም ፈሷት ሞተች። ከጥይት አምልጣ፣ ጣናን በጀልባ ተሻግራ፣ አንድ አስፋልት የሚያሻግራት ሰው አጣች!

ልቅሶው ላይ ጋሼ አዘዘ ጋቢያቸውን ተከናንበው «ወባ ነው የነጠቀን» ይላሉ። ለቀስተኛው ከንፈሩን ይመጥጣል። አንዷማ አጎበር አልታደለንም ብላ ታማርራለች። ኧረ የሰው ጉድ! ይባስ ብለው ወደ የብርጓል ዞሩና «ወባ ነበር፣ አይደል ሲስተር?» አሏት።

ደሟ ፈላ። ልትናገር አፏን ስትከፍት ጥግ ላይ እናኑን አየቻት፤ ከጽጌ ጋር በዚያው ቀን መንገድ ላይ የተደፈረችውን አብሮ አደጓን። ነጠላዋን ሆዷ ላይ ጨምድዳ ይዛለች። የብርጓል እውነቱን ብታፈርጠው እናኑም አብራ መገለጧ ነው። ሬት ሬት እያላት ዋጠችው።

«አዎ፣ ወባ» አለች። «እናኑንም ይዟታል። አሁኑኑ ሆስፒታል እወስዳታለሁ። ያን ጊዜም ነግሬዎት ነበር ጋሼ፤ ዛሬ ደግሞ ቆይ ካሉኝ፣ ወባው ምን እንደነበረ እዚሁ ለቀስተኛው ፊት እናገራለሁ!»

ጋሼ አዘዘ መሬት መሬት እያዩ መንገድ ለቀቁ።

ሆስፒታል ሐኪሟ በሩን ዘግታ እናኑን ብቻዋን አናገረቻት። ተደፍሬ ነው ማለቷ በቂ ነበር፤ ፖሊስ አምጪ፣ ምስክር አምጪ ያላት የለም። ሥራው አልቆ፣ ጥቂት ዐርፋ፣ ከሰዓት በኋላ በእግሯ ወጣች።

«በቃ? ይኸው ነው?» አለች እናኑ።

«ይኸው ነው።»

«ጽጌም ይኸው ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት?»

የብርጓል የሆስፒታሉን አጥር ይዛ፣ ሰው እያየ፣ ጮኻ አለቀሰች።