የማይጠፋው ተርባይን

ይልቃል መጀመሪያ ሁለቱንም ጓንቶች ያወልቃል። ረጅሙን ካቻቢቴ ከቱታው ኪስ ይመዝና ጫፉን በጨርቅ ይጠርገዋል፤ ግራሶ ካለበት ይንሸራተታልና። ከባቡሩ ሆድ ስር ጎንበስ ብሎ ሞተሩን የሚያቀዘቅዘውን፣ እየዞረ ያለውን ቬንትሌተር ሽፋን በግራ እጁ ይዳብሳል። ዘንጉን በኳሶች ላይ የሚያዞረው ኩሽኔታ የተቀመጠበትን ጉብታ ሲያገኝ የካቻቢቴውን ጫፍ እዚያው ይተክላል፤ እጀታውን ደግሞ በቀኝ ጆሮው ፊት ካለችው አጥንት ጋር ያጣብቃል። በመጨረሻ ግራ ጆሮውን በሌባ ጣቱ ይደፍናል፣ ዓይኑን ይጨፍናል፣ ትንፋሹን ይይዛል።

ይህን አሠራር ያስተማሩት ድሬዳዋ፣ ምድር ባቡር ጋራዥ ሳለ አለቃው የነበሩት ጋሽ ጥሩነህ ናቸው። «ብረት አይዋሽም፤ የሚዋሽ ቢኖር ሰሚው ነው» ይሉ ነበር። ኖርዌይ፣ ኦስሎ መጥቶ የባቡር ጥገና ሥራ ሲይዝም አልተወውም። ጋራዡ የንዝረት መለኪያ መሣሪያ አለው፤ ግን መሣሪያው ከሣጥን ወጥቶ፣ ተገጥሞ እስኪያነብ ድረስ ይልቃል ጨርሶ እጁን ይታጠባል። ፎርማኑ ኦድቫር «ይልቃል ሰምቶታል?» ብሎ ይጠይቃል። ሰምቶታል ከተባለ ባቡሩ ይወጣል።

ባለፈው የካቲት አንድ ቀን ጠዋት ግን ይልቃል የደፈነውን ጆሮ ሳይከፍት ፊቱ ተለወጠ። ቀጭን፣ ከፍ ያለ፣ የማያቋርጥ ፉጨት ሰማ። ደረቅ ኩሽኔታ የሚያሰማው ዓይነት ነው።

«ይሄኛው አልቆለታል» አለና ቀይ ምልክት ለጠፈበት።

ባቡሩ ከሥራ ወጣ፤ ተሳፋሪው በአውቶቡስ ተጫነ። ቬንትሌተሩ ወርዶ ሲፈታ ኩሽኔታው ገና ከፋብሪካ የመጣ ይመስላል። ግራሶው ንጹሕ፣ ኳሶቹ እንደ መስታወት።

ኦድቫር ሣቀ። «እንኳን ደስ ያለህ ይልቃል! ሰው መሆንህ ዛሬ ተረጋገጠ።»

ሁሉም ሣቁ፤ እሱም አብሮ ሣቀ። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገባ፣ በሩን ቆለፈ፣ ያለ ካቻቢቴ፣ ያለ ባቡር፣ ግራ ጆሮውን በጣቱ ደፈነ።

ፉጨቱ እዚያው አለ። ያው ቅጥነቱ፣ ያው ከፍታው። ጣቱን ሲያነሳ ይደበዝዛል፣ ሲደፍን ይጎላል። ለመስማት ብሎ የሚያደርገው ነገር ነበር ፉጨቱን ከራሱ ውስጥ የሚያወጣው። የገንዳውን ጠርዝ ያዘ።

የባሰው ደግሞ ድምፁን ማወቁ ነው።

ጋሽ ጥሩነህ ሥራ ሲቀዘቅዝ አንድ ወሬ ነበራቸው፤ በፈረንጅ አገር እንደ አውሮፕላን እያፏጨ የሚሄድ ባቡር አለ የሚል። ፒስተን የለው፣ ምት የለው። ወጣቶቹ «ጋሼ፣ የዛሬው ጫት የአወዳይ ነው እንዴ?» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ይልቃልም ከቀላጆቹ አንዱ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ፣ ሃውገሩድ ባለው ቤቱ ስልኩን እየነካካ ሳለ ባቡሩን አገኘው። ውሸት አልነበረም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመንና ከዚያም በኋላ ስዊሶቹ፣ እንግሊዞቹ፣ አሜሪካኖቹ በጋዝ ተርባይን የሚነዳ ባቡር ሠርተው ሞክረዋል። ለኪስ አልሆኑም። ቆመውም ሲጎትቱም የሚበሉት ነዳጅ እምብዛም አይራራቅም፤ ስለዚህ ብዙ ሳይቆዩ ቀሩ።

ድምፃቸው ግን! በአንዳንዶቹ መጀመሪያ ትንሽ ናፍጣ ሞተር ይነሳል፤ ድም ድም ድም ይላል። ከበስተጀርባው እንደ ወባ ትንኝ የቀጠነ ነገር ይጀምራል። ትንኟ ዋሽንት ትሆናለች፣ ዋሽንቱ እሪታ ይሆናል፤ ከዚያ ነፋስ ይገባበትና ይሰፋል፣ መሬቱም አብሮ ይጎመጉማል። ናፍጣ ሞተር ምቱን እየቆጠረ ይሄዳል። ተርባይን አይቆጥርም፤ የሳበውን ትንፋሽ ሳያቋርጥ ይለቀዋል። ዕድሜውን ሙሉ ምት ሲያዳምጥ ለኖረ ሰው ይህ ሌላ ዓለም ነው። ከሃውገሩድ በቴ-ባነ፣ በከተማው ባቡር፣ ሥራ እስኪደርስ፣ ማዳመጫውን ሰክቶ፣ ድምፁን እስከ ጥግ ከፍቶ ይሰማው ነበር።

አሁን ማዳመጫውን ነቅሎታል፤ ተርባይኑ ግን አልጠፋም።

«የሌለውን ከሰማሁ፣ ያለውን እንዴት አድርጌ ልስማ?» ይህ ጥያቄ ያዘው። የበረዶውን ወራት ሁሉ ሰምቶ «ደህና ነው» ብሎ የለቀቃቸው ባቡሮች አሉ። ኩሽኔታ ሲያልቅ ይግላል፣ ይቀላል፣ ያጨሳል። የኦስሎ ሐዲድ ደግሞ ከመሬት በታች ብዙ ነው። ባቡር በአጠገቡ ባለፈ ቁጥር ዓይኑ መስኮቱን ትቶ ሆዱን ያያል። ሚስቱ ጽጌ ሁለቴ ጠርታው ካልመለሰ «ልብህ የት ነው?» ትለዋለች። ልቡ ዋሻ ውስጥ ነው፤ አልነገራትም። ከሃምሳ ያለፈ፣ ጆሮው የከዳው መካኒክ ማን ያስቀምጣል? የሥራ አጦች ቢሮው ናቭ ደጅ መሰለፍ ታየው።

ይህን ያወጣው ለጸጋይ ብቻ ነው። ጸጋይ እዚያው ሕንፃ የሚኖሩ የአስመራ ሰው ናቸው፤ ትራም ሲነዱ ኖረው ጡረታ ወጥተዋል፣ በሁለቱም ጆሯቸው የመስሚያ መርጃ መሣሪያ አለ። ሱቁ ፊት ያለው አግዳሚ ላይ አገኛቸው።

«ጋሽ ጸጋይ፣ ይሄን የጆሮ መሣሪያ ሲያደርጉት ፉጨቱ ይጠፋል?»

«የምን ፉጨት?»

«እንዲያው ነው።»

«እንዲያውማ አይደለም። ሦስቴ ሰላም ብዬህ ነው ዞር ያልከው። ጆሮህ ካንተ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል፤ ኬኩን ሳታበላን!»

«ቀልድ አይደለም ጋሼ። እኔ ሰምቼ ያሳለፍኳቸው ባቡሮች አሁን ሰው ጭነው እየሄዱ ነው። ሰምቼ ይሁን ሳልሰማ አላውቅም።»

ሽማግሌው ሣቃቸውን ዋጡ። «ታዲያ እዚህ እኔ ዘንድ ምን ትሠራለህ?»

«ከተናገርኩ እኔም አለቀልኝ።»

«ስማ ሐወይ» አሉ ጸጋይ። «ያ ባቡር ቆሞም ይበላል፣ ሄዶም ይበላል እያልክ ያደነቆርከኝ አንተ አይደለህም? እስቲ አሁን ቆመህ የምታቃጥለው ምንድን ነው? ነዳጁ ማለቁ ካልቀረ ጎትት እንጂ!»

በማግስቱ ለኦድቫር ነገረው። ኦድቫር ይህን ጊዜ አልሣቀም። መሣሪያው ከሣጥን ወጣ፤ ይልቃል የሰማቸው ባቡሮች ተራ በተራ እየተጠሩ ሊለኩ ሆነ። መለኪያውን የያዘው ራሱ ይልቃል ነው። ባቡር በገባ ቁጥር ይሰጋል፤ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሲታይ እፎይ ይላል፤ ቀጣዩ ሲገባ እንደገና ይሰጋል።

አንዱ ላይ ቁጥሩ ተሰቀለ። መለኪያውን አጥፍቶ እንደገና ለካው፤ ያው ነው። ካቻቢቴውን ተክሎ አዳመጠ፤ የሰማው የራሱን ፉጨት ብቻ ነው። መዳፉን ቢያሳርፍበት ግን ብረቱ አሸዋ እንደሚፈጭ ወፍጮ ይንቀጠቀጣል። ሲፈታ ግራሶው ተቃጥሎ ጠቁሯል፣ ኳሶቹ ተቦርቡረዋል። እሱ «ደህና ነው» ብሎ የለቀቀው ነበር።

ኦድቫር «ዋሻ ውስጥ ሳይሆን እዚህ ተገኘ» አለና ትከሻውን ያዝ አደረገው። ይልቃል ጓንቱን አጥልቆ ቀጣዩን ባቡር ጠራ።

ለጆሮ ምርመራው ሄልስፊር ከሚገኘው ቢሮዋ ፈቃድ ጠይቃ ልጁ ሜሉ አብራው ሄደች። ድምፅ የማይገባበት ሣጥን ውስጥ አስቀመጡትና ሲሰማህ ቁልፉን ተጫን አሉት። በሩ ሲዘጋ ዓለም ዝም አለች፤ ተርባይኑ ብቻ ተነሣ። የነሱን ድምፅ ይስማ የራሱን ሳይለይ ይጫናል፣ ይለቃል። በመስታወቱ ማዶ ሜሉ ቀስ በቀስ ፈገግታዋ ሲከስም አያት። ውጤቱ አጭር ነበር። ቀጫጭኖቹ ድምፆች ሄደዋል፤ ፉጨቱ ቲኒቱስ ይባላል፣ ላይጠፋ ይችላል፣ መልመድ ነው።

«ምን ዓይነት ድምፅ ነው ፓፓ?» አለችው ሲወጡ።

ማዳመጫውን ሰጥቶ የስዊሱን ባቡር ከፈተላት። ትንሽ ሰማችና ነቀለችው።

«ሄረጉድ! ይሄንን ቀኑን ሙሉ?»

«ቀኑን ሙሉ።»

«አያስፈራም?»

«ያስፈራል። ደግሞ ያምራል፤ መከራው እሱ ነው።»

እንደገና ሰካችው፤ ስትሰማ ቆይታ «ተቆረጠ እኮ። መጨረሻውስ?» አለች።

ይልቃል ያን ጊዜ ነው ልብ ያለው። የሰበሰባቸው ቅጂዎች ሁሉ ባቡሩ ሲነሣ፣ ሲያልፍ፣ ሲርቅ ናቸው። ሞተሩ ሲጠፋ የቀዳ የለም። ተርባይን ነዳጁ ሲዘጋበት ወዲያው ዝም አይልም፤ ዙሩ እየቀነሰ፣ ድምፁ ደረጃ በደረጃ እየወረደ ነው የሚያልቀው። ይህን በሥራው ያውቀዋል እንጂ በጆሮው ሰምቶት አያውቅም።

አሁን ጋራዡ ውስጥ የሚሠራው በመለኪያው ነው፤ ካቻቢቴውን ሎከሩ ውስጥ አስቀምጦታል። ፍርሃቱ አልለቀቀውም። ንጹሕ ያነበበውን ቬንትሌተር መልሶ ይለካል፤ ኦድቫርም አይቶ እንዳላየ ያልፈዋል። ይህ ጽሑፍ ስለሱ እንዲወጣ ሲፈቅድ ግን አንድ ነገር አደራ አለ፤ ቃሉ ይኸው፦

«ከናንተ መካከል ከነዚያ ባቡሮች የአንዱ ሞተር ሲጠፋ የተቀዳ ድምፅ ያለው ካለ፣ ወይም ያለውን ሰው የሚያውቅ ካለ፣ እባካችሁ ላኩልኝ። ቢንኮሻኮሽም፣ ቢቆራረጥም ግድ የለም። መጨረሻውን ብቻ እንዳትቆርጡብኝ። ዝም ካለም በኋላ ትንሽ ይቆይ።»