ለፈረንጇ የተለቀቀው ቤት

እንግዳ የጠፋበት፣ እኛ አስጎብኚዎች ላሊበላ ውስጥ ሥራ ፈትተን የምንውልበት ጊዜ ነበር። አንዲት ፈረንጅ ለሁለት ዓመት ልታስተምር መጣችና ቤት እንዳፈላልግላት ጠየቀችኝ። ባሏ የሞተባት፣ በእናቴ ዕድሜ ያለች፣ ንግግር የማታበዛ ሴት ናት። ምን ዓይነት ቤት እንደምትፈልግ ስጠይቃት፣ «አገሩን አላውቀውም፤ አንተ አሳየኝ» አለች።

ሆቴል በወር መከራየት ይሻላታል ብዬ ተዘግቶ ወደከረመ አንድ ሆቴል ወሰድኳት። በሩ ሲከፈት የታፈነ የሻጋታ ሽታ ፊታችንን መታን። ብርድ ልብሱ ላይ የሌሊት ወፍ ኩስ ደርቆ ተጣብቋል። ባለቤቱ በመዳፉ ጠራረገና ያንኑ እጁን ለሰላምታ ዘረጋላት። ጨበጠችው። እኔ ፊቴን አዞርኩ።

ቀጥለን ብዙ ተከራይ ባለበት ግቢ አንዲት ክፍል አየን። ክፍሏ ደህና ነበረች። መጸዳጃ ቤቱ ግን ለግቢው ሁሉ አንድ ነው፤ ጉድጓዱ ሞልቶ በበሩ ሥር ወደ ውጭ ይፈስሳል። ዝንቡ አፍ አያስከፍትም።

«እሷ ከገባች አስመጥጠዋለሁ» አሉ አከራይዋ።

«እስከዛሬስ ምነው እትዬ?»

«እነዚህማ ለምደውታል» አሉኝ፤ ተከራዮቹ እዚያው ቆመው እየሰሙ።

በማግስቱ አንድ የሰፈራችን ትልቅ ሰው፣ ወደ አሸተን ማርያም በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለውን ቤታቸውን አሳዩን። ሁለት ክፍል ነው፤ የራሱ ውሃና መጸዳጃ አለው። «ባዶ ነው» አሉ። ከሰሉ ላይ ግን ሽሮ ይንተከተካል፤ ገመዱ ላይ የሕፃን ልብስ ተሰጥቷል። ልጅ ያዘለች ሴት ግድግዳውን ተደግፋ ቆማለች። አውቃታለሁ። ቤተ ክርስቲያን መግቢያው አጠገብ የአንገት መስቀል ትሸጣለች፤ እዚያ ቤት ውስጥ የምትኖረው እሷ ናት።

ፈረንጇ፣ «ማን ናት?» አለችኝ።

ጥያቄውን ለሰውየው አደረስኩ።

«ሠራተኛዬ ናት በላት!» አሉኝ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው።

አልኳት። እንግሊዝኛ የማትሰማው ሴትዮ ስለ እሷ መልካም ነገር የማወራላት መስሏት ፈገግ አለችልኝ።

ፈረንጇ ቤቱን ወደደችው፤ ቅዳሜ ልትገባ ተስማሙ። ሰውየው ደስ ብሏቸው ሥጋ ቤት ጋበዙኝ። አንድ ቁራጭ ጥሬ ሥጋ በአዋዜ ነክሬ ጎረስኩ፤ ባኘክሁት ቁጥር እየሰፋ ሄደ። ፊቴን አዙሬ በወረቀት ተፋሁት።

«ምነው ልጄ?»

«ጥርሴን አሞኝ ነው ጋሼ» አልኳቸው።

ቅዳሜ ጠዋት የሴትዮዋ ፍራሽና ድስቶች መንገድ ዳር ተከምረው አገኘሁ። እሷ ሕፃኑን ይዛ ፍራሹ ላይ ተቀምጣለች። ሰውየው ሱሪያቸውን ሰብስበው ወለሉን በበረኪና እየፈተጉ፣ «ሽታዋ እኮ አልለቅ አለ!» ይላሉ። ፈረንጇ ሻንጣዋን ይዛ ስትደርስ ሁሉንም ነገርኳት።

«ሠራተኛ ናት ያልከኝ አንተ ነህ» አለች።

«አዎ፣ እኔ ነኝ።»

ጮኻ ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቷን ከእኔ አዙራ ሰውየውን፣ «ቤቱን አልፈልግም፤ እሷን መልሷት» አለቻቸው፤ እኔ ተረጎምኩ።

«አንዴ ወጥታለች፤ ደግሞ ልመልሳት?» አሉ። ወደ እኔ ዞረው፣ «አንተ ከሃዲ! ያበላሁህን ሥጋ!» እያሉ ስድቡን ያወርዱብኝ ጀመር።

ሴትዮዋ ዕቃዋን በጋሪ ጭና እህቷ ዘንድ ሄደች። ቤቱን በወሩ ሌላ ሰው ተከራየው። ፈረንጇ እኔን ሳትጠይቅ፣ አንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ያለች ክብ የድንጋይ ቤት አግኝታ ገባች። ገበያ ስንገናኝ በተማረችው አማርኛ፣ «ደህና ዋልክ?» ትለኛለች፤ መልሴን ሳትጠብቅ ታልፋለች።

መስቀል ሻጯ ግን ባየችኝ ቁጥር ከመቀመጫዋ ትነሳለች። ለእሷ ብዬ ከሰውየው ጋር የተጣላሁ ይመስላታል። «አንተ ባትኖር ማን ይናገርልኝ ነበር? እግዜር ይስጥህ» ትለኛለች። አሜን እላለሁ። እውነቱን ልነግራት ስንት ጊዜ አስቤ አልነገርኳትም። አሁን እንግዳ ይዤ ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በሌላው በር ነው የማስገባው።