ፊቱን ለግድግዳ የሰጠ ሰው

የምድር ቤቱ ቧንቧ የፈነዳ ቀን ገና ጢሙ በቅጡ ያልበቀለ ወጣት ነበር። በዚያ ሕንፃ፣ እንደ ከተማዋ ሕንፃዎች ሁሉ፣ ከላይ ራሶች፣ ከመሃል ወገቦች፣ ከመሬት በታች እግሮች ይኖራሉ። የተወለዱበት ፎቅ መጠሪያም ነው፣ ዕጣም ነው። ውሃውም ደንቡን ያጠና ይመስል እግሮችን ብቻ መርጦ ያዘ። የደረጃው በር ተቆልፏል። ዘበኛው ከውጭ ሆኖ፣ «የወገቦች ደረጃ ነው፤ በእርጥብ እግር አይረገጥም!» አላቸው። ውሃው ደረት ሲደርስ ታላቅ ወንድሙ ትከሻው ላይ አውጥቶ ወደ ሊፍቱ ጉድጓድ ገፋው። ከሊፍቱ ሆድ ሥር የተንጠለጠለውን ገመድ ጨብጦ ተረፈ። ወንድሙ የሚጨብጠው አላገኘም።

በማግስቱ ራሶች ተሰብስበው መከሩ። ጭንቀታቸው ስለ ሟቾቹ አልነበረም፤ ሊፍታቸውን እግር ነክቶታል። ይታጠብ ቢባል ማን ይጠበው? በመጨረሻ አንድ ብልህ፣ «የነካው ሰው ራሱ ይንዳው። ያኔ የሊፍቱ ዕቃ ይሆናል እንጂ ሰው አይባልም» አለና ሁሉም ተገላገሉ። ሊፍት ነጂ የሆነው እንዲህ ነው። የሰጡት ሕግ አንድ ነው፦ ተሳፋሪ ሲገባ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ ወርደው እስኪያልቁ አይዞርም። ስሙም «ጀርባው» ሆኖ ቀረ።

«ፊቴ ውድ ቢሆን ነው የሚሸፋፍኑት» አላት አንድ ቀን ሚስቱን።

«ተወኝ ባክህ፣ እኔ በነፃ ሳየው አይደል የኖርኩት?» አለችው። ሚስቱ የራሶችን ልብስ አጣቢና ተኳሽ ናት፤ ምላሷ ከካውያዋ ይበልጥ ይፋጃል።

ሴት ልጅ ወለዱ፤ እንደ እናቷ ቃል የማያጥራት፣ ከመናገሯ በፊት ጉሮሮዋን የምትጠርግ ፈጣን ልጅ። በዚያች ከተማ በየዓመቱ ከእግሮች ልጆች አንድ ጎበዝ ተመርጦ ወደ ላይ ይወጣል። ራሶች ይህን ፍትሕ ይሉታል፤ በየዓመቱ አንዴ ፍትሕ ከሠሩ በኋላ ሲያርፉ ይከርማሉ። ዕድሉ ለእሷ ወጣ። ግን አባት በራሶች ሹም ፊት ቆሞ «ይህችን ልጅ አላውቃትም» ማለት አለበት። ዘመድ ያለው እግር ራስ አይሆንምና።

«እንዳትል!» አለችው ሚስቱ። «እዚሁ ከእኔ ጋር ካልሲ ትጠብ።»

«ያንቺን ሳንባ የጨረሰውን እንፋሎት እሷም ትማገው?»

ሄዶ «አላውቃትም» አለ። ሹሙ «ጮክ በል» ቢለው ጮክ ብሎ ደገመው። ልጅቷ አላለቀሰችም፤ አፍጥጣ አየችው እንጂ። ከዚያ ወዲያ ሚስቱ እራቱን ታቀርብለታለች፤ ቀልዷን ግን ከለከለችው።

ዓመታት አለፉ። አንድ ጠዋት ከበስተጀርባው አንዲት ሴት ከመናገሯ በፊት ጉሮሮዋን ጠረገች። አወቃት። ልጁ በሌላ ሕንፃ ራስ ሆና አድጋ፣ አሁን እዚህ ላይኛው ፎቅ ተቀጥራለች። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጠዋት ያወጣታል፣ ማታ ያወርዳታል። ራስ ከእግር ጋር ብቻውን አይሳፈርምና ሁልጊዜ ሰው አብሯት አለ። ዝምድናቸው ቢታወቅ እሷ በመጣችበት ትመለሳለች። ስለዚህ ማድረግ የሚችለውን አደረገ፤ እሷ ስትሳፈር ሊፍቱን ቀስ አድርጎ ነዳው። «አርጅቷል» ይሉ ነበር ተሳፋሪዎቹ። ሊፍቱን ይሁን ነጂውን፣ አልጠየቃቸውም።

አንድ ቀን ከባልደረቦቿ አንዱ፣ «አንቺ፣ የጀርባው አንገት ዘመም ሲል አየሽልኝ? ቁርጥ ያንቺን!» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹም ሳቁ። አብሯቸው የነበረው የፎቁ ተቆጣጣሪ ግን አልሳቀም።

«አንተ፣ እስቲ ዞር በል።»

ከዞረ አለቀላት፤ አፍንጫቸውም አገጫቸውም አንድ ነው።

«ሕጉ አይፈቅድልኝም፣ ጌታዬ» አለ ለግድግዳው።

«እኔ ነኝ የማዝህ!»

«ሕጉን ያወጡት ከእርስዎ በላይ ያሉት ናቸው። እነሱን ያስፈቅዱልኝና በደስታ።»

ላይ ወጥቶ ማስፈቀድ ተቆጣጣሪውንም ያስፈራዋል። ወደ ልጅቷ ዞረ። «እንግዲያው አንቺ ንገሪኝ። ይህን ሰው ታውቂዋለሽ?»

ጉሮሮዋን ጠረገች።

«ምን ነካዎት? ስለ እግር የሚያስብ ጫማ ሰፊ ብቻ ነው!»

ሊፍቱ በሳቅ ተናጋ። ተቆጣጣሪውም ሆዱን ይዞ ሳቀ፤ ነገሩ በዚያው ተዘጋ። በሩ ሲከፈት ወረዱ። የጫማዋ ኮቴ አልተደናቀፈም፣ አልዘገየምም።

ቤት ገብቶ አንድ ሳያስቀር ለሚስቱ ነገራት። ካውያውን አስቀምጣ ሳቀች፤ ከስንት ዘመን በኋላ። ቀጥሎ በቀሚሷ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

«ዳነች አይደል? ሌላ ምን ትፈልጋለህ?» አለችው።

እሱም መለሰላት።

«መዳኗማ ደስ ይለኛል። ግን ከፎቁም፣ ከመዳኗም በላይ አንድ ነገር ፈልጌ ነበር። ያቺን ቃል ስትናገር ድምጿ ትንሽ፣ እኔ ብቻ የምሰማው ያህል እንዲንቀጠቀጥ። ትንፋሼን ውጬ ጠበቅኩ። አልተንቀጠቀጠም።»