ቦራ ሲዞር

ከደብረ ታቦር ሆስፒታል ደጅ አንድ አዛውንት ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ስትሮክ ከመታቸው ወዲህ ጋቢው ከቀኝ ትከሻቸው እየተንሸራተተ አስቸግሯቸዋል፤ አፋቸውም ወደ አንድ ወገን ጠመም ብሏል። ቅድም የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እጇን አስጨብጣቸው፣ «አባባ፣ ዛሬማ ጎበዝ ነዎት!» ብላቸው ነበር።

«ይሁን ልጄ፤ ቦራ ግን ገና አላወቀኝም» አሏት።

ቦራ ግንባረ ነጩ በሬያቸው ነው፤ በአገሩ ግንባረ ነጭ በሬ ሁሉ ቦራ ይባላል። ዱሮ ስሙን ጠርተው ብቻ ከትልሙ ጫፍ ይመልሱት ነበር። አሁን ቃሉ ከአፋቸው ልፍስፍስ ብሎ ስለሚወጣ፣ በሬው ሣሩን ይግጣል እንጂ ዞር ብሎም አያያቸው። ለእሳቸው መዳን ማለት የቦራ መዞር ነው፤ ሌላው የሐኪም ወግ ነው።

አንድ ገበሬ እሱም ግንባረ ነጭ በሬ ወደ ገበያ እየነዳ መጣ። አዛውንቱ እስቲ ልሞክረው ብለው ከንፈራቸውን ገጠሙና፣ «ቦራ!» አሉ።

በሬው ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ዞረም።

«ምነው አባቴ፣ በሰው በሬ ያዛሉ እንዴ?» አለ ገበሬው። «ስሙንስ ማን ነገረዎት?»

አዛውንቱ በግማሽ አፋቸው ሳቁ። «አትቆጣ ልጄ፤ ሰማኝ እኮ!» አሉና፣ ጋቢያቸውን በግራ እጃቸው ሰብስበው፣ ቦራቸው ከግጦሽ ሳይገባ ለመድረስ እያነከሱ ወደ አገራቸው እብናት ወደሚሄደው መኪና ተጣደፉ።