ከመስታወቱ ሣጥን ኋላ

እትዬ ሺኖ የማይጠየፉት ነገር የለም። ጥንታዊውን የሳሙራዮች ግንባችንን ሊያይ የሚመጣ ሁሉ ጫማውን በር ላይ አውልቆ በካልሲ ነው የሚገባው። እሳቸው ታዲያ በሩ አጠገብ ቆመው ፊታቸውን ያጨማድዳሉ። «ይሄ እግር ነው የሞተ አይጥ?» ይሉኛል፣ እንግዳው ሳይሰማ።

ሰኞ ግንቡ ዝግ ስለሆነ እኛ የሰፈር በጎ ፈቃደኞች የሩዝ ፉርሽካ በጨርቅ ቋጥረን የእንጨቱን ወለልና ምሰሶ እንወለውላለን። ፉርሽካው ቅባት ስላለው እንጨቱን ያወዛዋል። እኔ እጄ ስለሚቆስል ጓንት አደርጋለሁ። እሳቸው በባዶ እጃቸው ነው የሚሠሩት። «ግንቡ ተላላፊ በሽታ አለበት እንዴ የምትሸፋፈኚው?» እያሉ ያበሽቁኛል። እውነቱን ለመናገር ታክተውኛል።

ባለፈው መኸር አንዱ የላይኛውን ፎቅ ምሰሶ በሚስማር ቧጥጦ ስሙን በፈረንጅ ፊደል ጽፎበት ሄደ። እትዬ ሺኖ እንቅልፍ አጡ። ፎቁ ለፈረንጅ ይዘጋ እያሉ የማኅበራችንን ሰብሳቢ አቶ ኩዋባራን መግቢያ መውጫ አሳጧቸው። የእኛ ሰው እንዲህ ያለ ነውር አይሠራም ባይ ናቸው። ሟች ባላቸው ኢዋሴ ኪዮሃቺ እንኳ ምሰሶውን የሚነካው እጁን ታጥቦ ነበር አሉ።

በመጨረሻ አቶ ኩዋባራ ጉዳቱን ሊያዩ መጡ። ሌላም ቦታ ተቧጥጦ እንደሆነ ለማየት፣ ለብዙ ዓመታት ከቦታው ያልተነሳውን፣ የሳሙራይ ልብስ ያለበትን የመስታወት ሣጥን ከምሰሶው ገፋ አደረግነው። ከኋላው የእኛ ልጆች ሲዋደዱ የሚሥሉት ጃንጥላ በቢላ ተቀርጿል። ከጃንጥላው ሥር በአንድ ወገን «ኢዋሴ ኪዮሃቺ»፣ በሌላው ወገን «ማሳኖ» ይላል። ማሳኖ ገበያው ጫፍ ላይ ቶፉ፣ ማለትም የአኩሪ አተር አይብ፣ የምትሸጠው ሴትዮ ናት። እትዬ ሺኖ በየማለዳው የሚገዙት ከእሷ ነው።

አቶ ኩዋባራ ምናልባት ከጋብቻችሁ በፊት ይሆናል ብለው ሊያጽናኗቸው ሞከሩ፤ ሣጥኑንም እንመልሰው ወይ አሉ። እትዬ ሺኖ ሣጥኑ አይመለስ፣ እንደተገፋ ይቆይ፣ ፎቁም አይዘጋ አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ዛሬም ጠዋት ከእጇ በልቻለሁ።»

አፋቸውን በእጅጌያቸው ጠረጉ።

በቀጣዩ ሰኞ እንደ ወትሯቸው መጡ። ወለሉን በባዶ እጃቸው ወልውለው ጨረሱ። ጃንጥላው የተቀረጸበት ምሰሶ ጋ ሲደርሱ ግን ቆሙና እጃቸውን ዘረጉልኝ።

«እስቲ ጓንትሽን አውሺኝ» አሉ።