ለአምስት ደቂቃ ዙም ሰባት ሰዓት መንዳት

ቶሮንቶ፣ ጃንዋሪ 2022፣ ንጋት 11 ሰዓት

መኪናዬ በረዶ ለብሳለች፣ እኔ ሦስት ሹራብ። የበረዶ ሆኪ ጋዜጠኛ ነኝ። አዎ፣ ሐበሻ ነኝ፤ አዎ፣ ደመወዝ ይከፈለኛል! አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ ወዳለችው ኮሎምበስ የምሄደው ለአንድ ጥያቄ ነው፤ የከተማው ቡድን በረኛ ዘንድሮ ጨዋታ ያቆማል ወይስ አያቆምም? አለቃዬ ትናንት ኮል አድርጎ፣ «ባዶ እጅህን ከመጣህ የሕፃናት ውድድር ትዘግባለህ» ብሎኛል። እዚያ ደግሞ የሚደባደቡት ወላጆች ናቸው። እፈራለሁ።

ድንበር፣ ጠዋት 1 ሰዓት

ፖሊሱ የክትባት ካርዴን አየ፣ ፓስፖርቴን አየ።

«ሥራ?»

«የሆኪ ጋዜጠኛ።»

«እስቲ ማስክህን ዝቅ አድርገው።»

ዝቅ አደረግኩት። አሁንም አላመነኝም፤ ግን ሳቁን ዋጥ አድርጎ አሳለፈኝ።

ኦሃዮ ሜዳ፣ ጎተራ፣ ጭነት መኪና፣ ደግሞ ሜዳ ነው። ማደያ ውስጥ በሰባት ዶላር የገዛሁት ሳንድዊች የመሃሉ በረዶ ገና አልቀለጠም ነበር።

ኮሎምበስ፣ ቀን 6 ሰዓት ተኩል

የስታዲየሙ ጥበቃ በሩ ላይ አቆመኝ። «በኮቪድ ምክንያት ቃለ መጠይቅ በዙም ብቻ ነው፤ ለአንድ ሰው አምስት ደቂቃ።»

«እኔኮ ከቶሮንቶ ነው የመጣሁት!»

«ዙም ቶሮንቶም ይሠራል» አለኝ። ንድድ አልኩ።

ካናል ዊንቸስተር፣ ከኮሎምበስ ዳር፣ 9 ሰዓት

የእናቴ ጓደኛ እትዬ ዘነበች ቤት ነኝ። ላፕቶፔን የምግብ ጠረጴዛቸው ላይ፣ ከምስር ወጡ አጠገብ ዘረጋሁ። በረኛው ብቅ አለ፤ ትከሻው ስክሪኑን ሞልቶታል።

«ዘንድሮ ታቆማለህ?»

«የማስበው ስለ ቀጣዩ ጨዋታ ብቻ ነው።»

አዙሬ ጠየቅኩት። ያንኑ መለሰልኝ። ሁለት ደቂቃ ቀረኝ፤ የሕፃናቱ ወላጆች ፊቴ ላይ ድቅን አሉ።

እትዬ ጭልፋቸውን እንደያዙ ከኋላዬ መጡ።

«አንተ! ሰላም እንኳ ሳትለው ነው ልጁን የምታዋክበው?»

«እትዬ፣ በናትዎ፣ ሥራ ላይ ነኝ!»

ማን ሊሰማኝ! በሚችሉት እንግሊዝኛ ቀጠሉ፤ «እንዴት ነህ የኔ ልጅ? ቤተሰብ ደህና? እናትህ እንዴት ናቸው?»

በረኛው ፊቱ በራ። «ደህና ነች፣ አመሰግናለሁ። በጣም ደስ ብሏታል፤ ውድድሩ ሲያልቅ፣ በኤፕሪል፣ ጠቅልዬ ቤቷ ልገባ ነው።»

በረኛው ያመለጠውን ገና አሁን አወቀ። ፂሙን አሻሸ።

«ይሄ... ይጻፋል?»

«ይጻፋል» አልኩት።

ሳቀ። «በቃ ጻፈው።»

«እሰይ! ሰላም በልልኝ እናትህን» አሉ እትዬ፣ ወደ ድስታቸው እየተመለሱ።

መልስ ጉዞ፣ በማግስቱ ጠዋት

ገና ከመንደሩ ሳልወጣ አለቃዬ ደወለ። ማታ የላክሁለትን የቃለ መጠይቁን ቅጂ ሰምቶታል። «ጎበዝ! በሚቀጥለው ወር አሰልጣኛቸውን ታናግራለህ» አለኝ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ሴትዮዋም ይገኛሉ?»

መኪናዬን ዳር አቁሜ ለእትዬ ደወልኩ። ትንሽ አሰቡ።

«እሺ። ግን ቀድመህ አጣራልኝ፤ የአሰልጣኙ እናት በሕይወት አሉ?»